በ17 ዓመት ሐኪም ለመሆን መወሰን፦ ከሃይስኩል በቀጥታ ወደ ሕክምና ስለሚያስገቡ ፕሮግራሞች

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለወላጆችና ለሃይስኩል ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። የእሁድ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹን ይዛችሁ መምጣታችሁ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የማወራው ለሁለታችሁም ነውና።

ከሃይስኩል ተማሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ የኮሌጅ ማመልከቻ ሳዘጋጅ ከወላጆች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «ልጄ ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ሕክምና መግባት ይችላል ወይ?» ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አገር ቤት በአብዛኛው መንገዱ እንደዚያ ነው። ጥሩ ነጥብ ያመጣ ይመደባል፣ ስድስት ሰባት ዓመት ይማራል፣ ይመረቃል። እዚህ ግን ሕክምና ሁለተኛ ትምህርት ነው። መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ አለ። ቀጥሎ ኤምካት የሚባል ከባድ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለ። ከዚያ እንደገና ማመልከት፣ እንደገና ኢንተርቪው፣ ከዚያ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት። ስፔሻላይዜሽኑ ደግሞ ገና ነው፤ ሪዚደንሲ እንደ ዘርፉ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። ብዙዎቹ ከኮሌጅ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ሠርተው ነው ሕክምና የሚገቡት።

ለጥያቄያችሁ መልሱ ግን «አዎ፣ ይቻላል» ነው። በእንግሊዝኛው ምሕጻር «ቢኤስ ኤምዲ» የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቢኤስ የኮሌጁ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ ኤምዲ የሕክምና ዶክትሬቱ። ልጁ ገና 12ኛ ክፍል እያለ ለኮሌጁም ለሕክምና ትምህርት ቤቱም አንድ ላይ ያመለክታል። ከተቀበሉት፣ የሚጠየቀውን ውጤት እስከጠበቀ ድረስ የሕክምና ቦታው ተይዞለታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ሰዉ ሁሉንም በአንድ ላይ «አክስለሬትድ»፣ የተፋጠነ ማለት ነው፣ ይላቸዋል። ሁሉም ግን አያሳጥሩም። በእውነት የሚያሳጥሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ካንሳስ ሲቲ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ከ1971 ጀምሮ ኮሌጁንም ሕክምናውንም በስድስት ዓመት ያስጨርሳል። ልጁ ከሃይስኩል እንደወጣ ከሕመምተኛ ጋር መገናኘት ይጀምራል። በጋውንም ይማራል፤ ሌላው የኮሌጅ ተማሪ የሚያገኘው ዓይነት ረጅም እረፍት የለም። እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና የሚያስተምርበት የስድስት ዓመት ፕሮግራም አለው።

ሃዋርድን ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆች፣ አንድ ሰው እንድታውቁ እፈልጋለሁ። ዶክተር መላኩ በያን ይባላሉ። አሜሪካ መጥተው መጀመሪያ ኦሃዮ ውስጥ ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያ ሃዋርድ ገብተው በ1935 በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረ። እሳቸውም ወደ አገራቸው ተመልሰው አገለገሉ፣ የንጉሡም ሐኪም ነበሩ። ያ ትምህርት ቤት ከዚህ በባቡር ብዙ አይርቅም። በአጠገቡ ስታልፉ አስቧቸው።

ሰባት ዓመት የሚወስዱም አሉ። ኒውዮርክ ሃርለም ያለው የሲቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በ1973 ነው የተጀመረው። የተቋቋመው ሐኪም ለሚያጥራቸው ሰፈሮች ሐኪም ለማፍራት ነው፣ በተለይ ከጥቁሮችና ከሌሎች ሕክምና ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰቦች። ፔን ስቴትም ፊላደልፊያ ካለው የጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ሰባት ዓመት ያስተምራል።

ስማቸው በጣም የሚታወቀው ግን ስምንት ዓመት የሚወስዱት ናቸው። ብራውን፣ ሮቸስተር፣ ሪችመንድ ያለው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ። ስምንት ዓመት እኮ መደበኛው መንገድ ነው! ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ቦታው ነው። ልጁ አራቱን የኮሌጅ ዓመታት «ሕክምና እገባ ይሆን ወይስ አልገባ?» እያለ አያሳልፍም። ብራውን ውስጥ ኤምካት አይጠየቅም፤ ተማሪው ታሪክም ይሁን ፍልስፍና የወደደውን እያጠና ሐኪም መሆን ይችላል። እኔ እንደማየው ይህ ዓመት ከመቀነስ የበለጠ ስጦታ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አንድ ዓመት ለማትረፍ ብቻ የሚገባ ልጅ ሲደክም አይቻለሁ።

በሩ ጠባብ መሆኑን አልደብቃችሁም። ብራውን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ያመለክታሉ፤ ክፍሉን የሚሞሉት ግን መቶ እንኳ አይደርሱም። ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ የክፍለ ግዛታቸውን ልጆች ብቻ ይፈልጋሉ። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ለምሳሌ የተቋቋመው የኒው ሜክሲኮ ልጆችን አስተምሮ እዚያው ሐኪም ለማድረግ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ። ኖርዝዌስተርን ለአሥርት ዓመታት ያካሄደውን አቁሟል። ስለዚህ የልጃችሁ የአክስት ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠራውን ዝርዝር ይዛችሁ አትሂዱ። በየዓመቱ የትምህርት ቤቱን የራሱን ገጽ ተመልከቱ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማርክ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ማርኩንማ እናንተ ከእኔ በላይ ትከታተላላችሁ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ካልኩለስ በኤፒ፣ ማለት ሃይስኩል ውስጥ በሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ። ከ4 ነጥብ ብዙም ያልራቀ ጂፒኤ። ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለሚጠይቁት 1500 እና ከዚያ በላይ። ይህ ልጁን በሩ ላይ ያደርሰዋል። በሩ ላይ የቆሙት ግን ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ የ17 ዓመት ልጅ ሕክምና ምን እንደሆነ በምን አወቀ?

የትምህርት ቤቱ የቅበላ ኮሚቴ ይህን የሚጠይቀው ልጁን ለመጣል ብሎ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የሚቆይ ቦታ ዛሬ ሊሰጥ ነው። ለ22 ዓመት ወጣት ቢሆን ኮሌጅ ውስጥ የሠራውን ያያል፣ ኤምካቱን ያያል። የ17 ዓመት ልጅ ግን ገና ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ። ለምን ሕክምና? እሺ፣ ለምን አሁን? ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ተማሪ አይዘጋጅበትም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ለመጀመሪያውም አይበቃም። መምህርም ሰው ይረዳል። የአውቶቡስ ሾፌርም ሰው ይረዳል።

የሚገርመኝና የሚያሳዝነኝ፣ የእኛ ልጆች መልሱ ቤታቸው ውስጥ አለ፤ እነሱ ግን ይደብቁታል።

አንዲት ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ጽሑፏ ስለ ሳይንስ ፍቅር ነበር። እንግሊዝኛው ያማረ ነው፤ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ «አያቴን ክሊኒክ እወስዳለሁ» አለች። አያቷ ስኳር አለባቸው። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ሁዳዴ ሲገባ ስኳራቸው ከፍ አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ የመድኃኒቱን መጠን ሊጨምር ነው። እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ጠዋት ምግብ የለም፤ ምግብ ከሌለ መድኃኒቱም የለም። ይህን ለሐኪሙ መናገር ይሉኝታ ያዛቸው። «ጾም ነው» ያለችው ልጅቷ ናት። ሐኪሙ ጽሕፈቱን አቆመና ጾሙ ስንት ሰዓት እንደሚገደፍ፣ ማታ ምን እንደሚበሉ ይጠይቃት ጀመር። የመድኃኒቱን ሰዓት አብረው አስተካከሉ። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ልጅቷ ለንስሐ አባታቸው ነግራ፣ ካህኑም አያቷ ከሐኪሙ ትእዛዝ እንዳይወጡ መከሯቸው።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት። «ይሄ እኮ የቤት ጉዳይ ነው» አለችኝ።

ልጆች፣ ኮሚቴው የሚፈልገው ይህንኑ የቤት ጉዳይ ነው! ያቺ ልጅ መድኃኒት በወረቀት ላይ እና መድኃኒት በሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በ16 ዓመቷ አይታለች። አንዳንድ ሐኪም ይህን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። እናትህ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለት ረዳት ነርስ፣ ሆና ሌሊት ትሠራለች? ጠዋት ስትመጣ ወገቧን ለምን እንደሚያማት ጠይቀሃት ታውቃለህ? አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቆዳው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እንደሚገለበጥ የነገረችህ እሷ ከሆነች፣ ከብዙ አመልካች ቀድመሃል። በዚህ አትፈር። ፈቃድ ጠይቃት፣ ከዚያ ጻፈው።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሆስፒታልና ክሊኒክ ስትሄዱ ልጃችሁ እንዲያስተረጉም አታድርጉት። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስዱ የሕክምና ተቋማት በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አማርኛ በስልክም ቢሆን ይገኛል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላይ መተማመን በደንቡም የተከለከለ ነው። ልጅ የእናቱን የካንሰር ውጤት እየተረጎመ መስማት የለበትም። አብሯችሁ ይሂድ፤ ሸክሙን ግን አስተርጓሚው ይያዝ።

ከቤት ውጭ ያለውም ያስፈልጋል። ሐኪምን ተከትሎ መዋል፣ ሻዶ ማድረግ የሚሉት፣ ጥሩ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በጎ ፈቃደኛ መሆንም እንደዚሁ፤ በሽተኛ በዊልቼር መግፋት እንኳ ያስተምራል። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ16 ዓመት ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ የሚቀበሉ የእሳት አደጋና አምቡላንስ ጣቢያዎች አሉ። የሲኤንኤ ኮርስ መውሰድም ይቻላል፤ ዕድሜው በየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ አጣሩ። አሥር ክበብ ውስጥ ስም ከማስመዝገብ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት መቆየት ይሻላል። ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ የሚተርከው አያጣም።

ትምህርት ሲዘጋ ልጁን አገር ቤት ልኮ ዘመድ ክሊኒክ ውስጥ ማዋል የሚፈልጉ አሉ። ይሂድ፣ ይይ፣ ይማር። ግን መርፌ እንዳይወጋ፣ ቁስል እንዳይሰፋ! «አዲስ አበባ ስፌት ሰፋሁ» ብሎ የሚጽፍ የሃይስኩል ልጅ ጀግንነት የሠራ ይመስለዋል። ኮሚቴው የሚያየው ያልተማረውን ሥራ በሰው ገላ ላይ የሞከረ ልጅ ነው። እዚህ የማይፈቀድለትን ነገር እዚያም ማድረግ የለበትም፤ የአገራችን ሰው ገላ መለማመጃ አይደለም። በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ የእረፍት ጊዜ «የሕክምና ካምፖችም» አያስገቡም። ገንዘባችሁን ያዙ።

ኢንተርቪው ላይ ልጆቻችን የሚቸገሩበት ነገር አለ። ታላቅ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኛ ነን ያስተማርናቸው። ስለራስ ማውራትም ነውር ነው ብለን አሳድገናል። ፈረንጁ ደግሞ ዓይን ዓይኑን ካላየኸው የደበቅከው ነገር ያለ ይመስለዋል። ልጁን ጉረኛ ማድረግ አያስፈልግም። «እኔ ጎበዝ ነኝ» ከማለት ይልቅ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል መናገር ይልመድ። ምን አየ፣ ምን አደረገ፣ ምን አሰበ።

አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች በአንድ ኢንተርቪው ፋንታ አጫጭር ጣቢያዎች ያዘጋጃሉ። ልጁ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ በየቦታው ለጥቂት ደቂቃ አንድ ችግር ይሰጠዋል። «ጓደኛህ ሲኮርጅ አየኸው፤ ምን ታደርጋለህ?» ዓይነት ነው። የሚፈተነው አስተሳሰቡ ነው። የሌላውን ወገን ሐሳብ ይሰማል? ሳያጣራ ይፈርዳል? ይህን መለማመጃው ቦታ የእራት ገበታ ነው። እናትና አባት አንድ ጥያቄ ያንሱ፣ ልጁ ይመልስ፣ ጨርሶ እስኪናገር ድረስ ማንም አያርመው። ቀላል ይመስላል፤ እኛ ቤት ግን ልጅ አስረድቶ ሳይጨርስ ነው መልሱ የሚነገረው።

አሁን የምለው ሊከብዳችሁ ይችላል። «ወላጆችህ ሐኪም እንድትሆን ባይፈልጉ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ አለ። ዝም የሚል ልጅ አለ። ከታክሲና ከፓርኪንግ ሥራ ልጅ ያስተማረ አባት ልጁን ዶክተር ሆኖ ቢያይ የማይደሰት የለም። ደስታውን አልነፍጋችሁም። ነገር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች ለልጁ የሚያስቡበት ጊዜ አይሰጡትም። መደበኛው መንገድ ላይ ያለ ልጅ 20 ዓመት ሲሆነው «አይ፣ እኔ ኢንጂነሪንግ ነው የምፈልገው» ቢል ብዙ አይጎዳም። ስድስት ዓመቱ ውስጥ የገባው ልጅ ግን ሐሳቡን ሲቀይር ብዙ ያጣል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁት። ሲመልስላችሁ ደግሞ ፊታችሁን አታጥቁሩበት፤ ልጅ ከቃል በፊት ፊት ያነባል።

ወረቀትም አለ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። የአሳይለም (የጥገኝነት) ጥያቄያችሁ ገና ያልተወሰነ ቤተሰቦች፣ ልጁ ጽሑፍ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ለየትምህርት ቤቱ ኢሜል ጻፉ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ላይ ማንም አያስታውሰውም። ልጁ ወር ሙሉ ለፍቶ «አይመለከትህም» ከሚባል አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ገንዘቡን ደግሞ በጥሞና ስሙኝ፣ ምክንያቱም ሕጉ ተቀይሯል። ቀደም ሲል የሕክምና ተማሪ ወጪውን በሙሉ ከፌዴራል መንግሥት መበደር ይችል ነበር። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕግ ይህን አስቀርቷል። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ የሆነ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው በዓመት እስከ 50 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200 ሺህ ዶላር ነው። ብዙ የግል የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ ኑሮን ጨምሮ በዓመት ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣሉ። ልዩነቱን አስሉት። በዓመት 40 ሺህ ነው፤ በአራት ዓመት 160 ሺህ። ይህን ከባንክ የሚበደር ልጅ ፈራሚ ይጠየቃል። ፈራሚው እናንተ ናችሁ። ቤታችሁ የገባ የቅበላ ደብዳቤ ሲያስለቅሳችሁ፣ በዚያው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ የስምንቱን ዓመት ወጪ ደምሩ። ዓመት መቀነስ እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል፤ አንድ የኮሌጅ ዓመት መትረፉ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን የትምህርት ቤቱ ዋጋ ያንን መልሶ ሊውጠው ይችላል።

ለአንድ ትምህርት ቤት ቀድሞ መታሰር ሌላም የሚያሳጣው ነገር አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ2018 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ብሮንክስ ያለው አልበርት አይንስታይን በ2024 አንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ አግኝቶ ክፍያውን አንስቷል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተማሪው ሌላ ቦታ እንዲያመለክት ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ ካመለከትክ ቦታህን ለቀቅክ ይላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ስንት ጂፒኤ መጠበቅ እንዳለበት፣ ኤምካት ይጠየቅ እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ቢወጣ የመጀመሪያ ዲግሪው እጁ ላይ እንደሚቀርም ጠይቁ።

ሳይገቡ የቀሩትን ልጆች አስቤ አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በመደበኛው መንገድ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ለኤምዲ ትምህርት ቤቶች ያመለክታል፤ 23 ሺህ ገደማው ይገባል። ይህ ከላይ ከነገርኳችሁ በር በብዙ እጥፍ የሰፋ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ የክፍለ ግዛቱ ኮሌጅ ገብቶ፣ ዕዳ ሳያበዛ፣ በ24 ዓመቱ ሕክምና የጀመረ ልጅ ምንም አልቀረበትም። ማርች ላይ «አልተቀበልንህም» የሚል ኢሜል ሲመጣ ቤቱን ለቅሶ ቤት አታድርጉት።

ቀኑን ልንገራችሁና ላብቃ። ኮመን አፕ፣ ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ ኦገስት 1 ይከፈታል። እነዚህ ፕሮግራሞች ከሌሎቹ ቀድመው ይዘጋሉ፤ ብዙዎቹ ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 1 ባለው ጊዜ ውስጥ። ኢንተርቪው ክረምቱ፣ የበረዶው ወራት ላይ ነው። መልስ እስከ ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ይመጣል፤ ውሳኔያችሁን በአብዛኛው እስከ ሜይ 1 ታሳውቃላችሁ። 11ኛ ክፍል ያላችሁ፣ የሳይንስ መምህራችሁን የድጋፍ ደብዳቤ አሁን፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ጠይቁ። ሴፕቴምበር ላይ ሁሉም ተማሪ ይጠይቃቸዋል። ካውንስለራችሁ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ የሚከታተለው ብዙ መቶ ልጅ አለው፤ ሄዳችሁ ስማችሁን ካላስታወሳችሁት አያውቃችሁም።

ጀርባ ያላችሁ 11ኛ ክፍሎች፣ ወንበራችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። የክፍለ ግዛት፣ የግሪን ካርድ እና የኤምካት መስፈርቱን እያየን የየራሳችሁን ዝርዝር አሁን እንጀምራለን። ወላጆች፣ ሻይ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አለ። የገንዘቡ ጥያቄ ያላችሁ እኔ ጋ ኑ።